ከግንቡ ማዶ የተቀበሩት ሽቦዎች፦ የታናሽ ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ታናሽ ወንድማችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በሰኔ ወር 1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካሉት የኪራይ ቤቶች በአንዱ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። በእግራቸው ሳይቆሙ ከአልጋ ሁለት ጊዜ መውደቃቸውን እናታችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያነሡባቸው ኖረዋል።

ትምህርታቸውን በየደረጃው ካጠናቀቁ በኋላ የስልክ ሥራ ማሠልጠኛ ገብተው በመሬት ውስጥ ኬብል ሙያ ተመረቁ። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ ሥራ አገልግለዋል። ባልደረቦቻቸው ያወጡላቸው ቅጽል ስም «ቁጭ ይበሉ» የሚል ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት እንኳ ወንበር ላይ የታዩበትን ቀን የሚያስታውስ አልተገኘምና።

በ1972 ዓ.ም. በመድኃኒት ቤት ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

በ1985 ዓ.ም. ከቤት ሆኖ ከዓለም ዙሪያ ሰዎች ጋር የሚያገናኝ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አግኝተው በግቢያቸው ሃያ ሜትር የሚረዝም ምሰሶ መሰል አንቴና አቆሙ። እንዲህ ያለው አንቴና ከላይ የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ መሬቱ ነው፤ አፈር ደግሞ የሬዲዮውን ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ከምሰሶው ሥር እንደ ብስክሌት ጎማ ራጂ ከመሐል ወደ ዳር በየአቅጣጫው የመዳብ ሽቦ ይቀበራል። እርሳቸውም ዐሥራ ስድስት ሽቦዎችን እያንዳንዳቸውን በሃያ ሜትር ልክ፣ ጣት ሳያጎድሉ ቆርጠው፣ ቤቱን እያዞሩ ቀበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የተቀበረ ሽቦ ከልኩ ይልቅ ብዛቱ እንደሚጠቅም ተረዱ። ሁሉንም ነቅለው፣ ለሁለት ለሁለት ከፍለው፣ ሠላሳ ሁለት አድርገው መልሰው ቀበሩ። ባለቤታቸው ያገቡት ሰው እንጂ ፍልፈል እንዳልነበረ በጎረቤት ፊት የተናገሩት በዚያ ሰሞን ነው።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ነገር ዕረፍት ነሣቸው። በምድር ሌላኛው ወገን በምትገኝ ደሴት የሚኖር ጡረተኛ የመርከብ መሪ መብራት ማማ ጠባቂ በየማለዳው በሞርስ፣ በአጭርና ረጅም የድምፅ ምልክት፣ ይጣራል። ወንድማችን አጥርተው ይሰሙታል፤ ይመልሱለታል፤ መልሳቸው ግን አይደርሰውም። የሚጣራን ሰው ሰምቶ እንደ ደንቆሮ ማለፍ አልሆነላቸውም።

የጎደለው የታወቀ ነበር። ምሰሶው ከአዋሳኙ ግንብ ሁለት ሜትር ብቻ ርቆ ስለቆመ የሽቦው ክብ ግማሹ ባዶ ቀርቷል። ከግንቡ ማዶ ያለው ግቢ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሆነው የታላቅ ወንድማቸው ነው። «ጋሼ፣ መሬቱን አልነካብዎትም፤ አንድ ስንዝር ከሥሩ ገብቼ ልለፍ» እያሉ ለዐሥራ አንድ ዓመት ጠየቁ። የግብረ ገብ መምህር የነበረው ታላቅ ወንድም ወሰን በዝምድና አይሸራረፍም እያለ ለዐሥራ አንድ ዓመት ከለከለ። የተናገረው እውነት ነበር። እውነትን ይዞ ወንድምን መበደል እንደሚቻል ግን ለተማሪዎቹ አስተምሮ አያውቅም።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወንድማችን በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኙ። በዚያ ዓመት ሳይጠይቁ ቀሩ። ታላቅ ወንድማቸውን ያስደነገጠው ይህ ዝምታ ነው። ከወንድሙ በኩር ልጅ ጋር የግንቡን ሥር ሰርስሮ፣ አበባውን ነቅሎ፣ ሃያ ስምንት ሽቦዎችን በስድስት ቀን ቀበረ። ወንድማችን ወደ ቤት በተመለሱ በአራተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደሴተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰላቸው፤ ድምፃቸው ደካማ መሆኑንም አልደበቃቸውም። እርሳቸውም የኦክስጅን ቱቦውን አስተካክለው፣ ከማዶ ካሉት ሽቦዎች ሁለቱ ጠመው መቀበራቸውን ከግንቡ በላይ በሚያሳየው መስኮት ከተቆፈረው አፈር መስመር አይተዋልና ተነቅለው እንደገና እንዲቀበሩ አዘዙ።

ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከመካከላችን ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ እኅታቸውና ታላቅ ወንድማቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ሁለቱ ሽቦዎች ትናንት ተቃንተዋል፤ በኩር ልጃቸውም በዚያው አንቴና መርዶውን ለደሴተኛው አድርሳለች።

መቀመጥን ያልወደደች ነፍሳቸውን ፈጣሪ በእቅፉ ተቀብሎ ዕረፍትን ያስለምዳት።