ከቁምሳጥኑ ሥር ያወጣሁት ቀዳዳ

ኮተቤ፣ ቅዳሜ መጋቢት 12 ቀን 1973

አዲሱ ቁምሳጥን የማጀታችንን የጢስ መውጫ ስለሸፈነው፣ ባለፈው ሳምንት ግድግዳውን ከሥሩ በስቼ ወደ ጎረቤታችን ወደ እማማ ወለቴ ግቢ አዞርኩት። አላስፈቀድኳቸውም። ዛሬ ሥጋ ስንጠብስ ማጀቱ በጢስ ታፈነ። ዞሬ ባይ ቀዳዳው ከውጭ በጨርቅ ተወትፏል። ሁዳዴ ነው፤ እኛ ጴንጤዎቹ ደግሞ አንጾምም። ደሜ ፈላ።

«እማማ፣ የሥጋው ሽታ ካስቸገርዎት መናገር ነው እንጂ ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጮኽኩባቸው።

እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የምን ሽታ ልጄ? ትናንት ማታ መዝሙራችሁ በዚያ ቀዳዳ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። የቀበሌ ጥበቃዎቹ በአጥሩ በኩል ሲመጡ፣ ሰምተው እንዳያስሯችሁ ነጠላዬን ወተፍኩበት። ጠዋት ማውጣቱን ረሳሁት።»

ጨርቅ ያልኩት ነጠላቸውን ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

ልወጣ ስል «በጸሎታችሁ ስሜን ስታነሱም ሰማሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ።

ነጠላቸውን ወስጄ አጠብኩት። ጢሱ አልለቅ አለ።

ትናንት የጸለይነው እኚህን ሴትዮ ጌታ ከጨለማ እንዲያወጣቸው ነበር።