ሐኪም የከለከላቸው፦ የመምህር ሰውአገኝ ሀብተ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

መምህር ሰውአገኝ ሀብተ ሥላሴ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ምሥጋናው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ገለቴ አዳም፣ በላስታ፣ በገነተ ማርያም አጥቢያ፣ መስከረም 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ተወለዱ።

ፊደል የቆጠሩት በአባታቸው እጅ ነው። ዳዊት ደግመው እንደጨረሱ አባታቸው ለቅኔ ቤት ሲያስቧቸው፣ እናታቸው አስኳላ ይግባ አሉ። ክርክሩ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶ እናታቸው ረቱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በላሊበላ ከተማ ተከታትለው በ1986 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያን ጊዜ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ነበር። መምህር ሰውአገኝ ይህን ዕድሜያቸውን ሙሉ አልረሱም። “እኔን ያስተማረኝ ግብር የሚከፍለው ገበሬ ነው” ይሉ ነበር። መሪጌታ ይህን በሰሙ ቁጥር “እኔስ አላርስም እንዴ? ግብርስ አልከፍልም?” እያሉ ይቆጡ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. በጂኦግራፊ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አግኝተው በኩልመስክ ማስተማር ጀመሩ። በኋላም ወደ ላሊበላ ተዛውረው እስከ ታመሙበት ጊዜ ድረስ በመምህርነት አገልግለዋል። በጥር 1994 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረባቸው ከመምህርት ሰርክአዲስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው መልአኩንና እየሩስን ወልደዋል።

የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት በመጣ ጊዜ ብዙ ወላጅ ፈራ። አንድ አባት ከገበያ መልስ በመምህሩ በር ላይ ቆመው “ጋሼ፣ ልጄን በዕዳ ላስይዛት ነው?” ብለው ጠየቋቸው። መምህር ሰውአገኝ አስቀምጠው፣ ውሉ ዛሬ ከማንም ኪስ ገንዘብ እንደማያወጣ፣ ልጅቱ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ቀስ በቀስ እንደሚቆረጥ አስረዷቸው። ከዚያ በኋላ ይህን ማስረዳት ሁለተኛ ሥራቸው ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአጥቢያው ሰው የሚጠይቃቸው ስለ ዝናብ ሳይሆን ስለዚህ ነበር።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚሰጥ ተጨማሪ ድጋፍ መጣ። ለመሳፈሪያ፣ ለደብተርና ለሳሙና የሚሆን ነው። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አንድን ልጅ ከቤቱ አስነሥቶ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የሚያደርሰው ይኸው ትንሹ ነው። ይህን ለመስጠት ቤተሰቡ በእርግጥ የተቸገረ መሆኑን የሚያጣራ ኮሚቴ ቤት ለቤት ይሄድ ጀመር።

እዚህ ላይ የተፈጸመውን ሳይጽፉ ማለፍ የእርሳቸውን ሕይወት ግማሹን መደበቅ ይሆናል።

ንጋት አረጋ የመምህር ሰውአገኝ ተማሪ ነበረች። በ2015 ዓ.ም. ከትምህርት ቤቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናን ካለፉት ጥቂት ተማሪዎች አንዷ ናት። ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ከቅዳሴ በኋላ በአደባባይ ተነገረ። እንግዳ የሚመጣበትን ቀን የሰማ የላስታ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። እናቷ ወ/ሮ ይማርሽ ምንጣፍና ብርጭቆ ከጎረቤት ተዋሱ። አባቷ አቶ አረጋ፣ በጋቸው ስትወልድ ሊመልሱ ተማምነው፣ ከጎረቤታቸው ከአቶ የኔሰው አንድ ጠቦት ወሰዱ። ኮሚቴው መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። “ኑሮ እንዴት ነው?” ሲባሉ አቶ አረጋ “ተመስገን፣ ምን ጎድሎን” አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? በቤቱ የተቀመጠ እንግዳ ፊት “ራበን” የሚል ሰው በዚህ አገር አልተወለደም።

ኮሚቴው ግን “በግ አርደው ያስተናገዱ፣ ችግር እንደሌለባቸው በራሳቸው አንደበት ያረጋገጡ” ብሎ ጻፈ። ንጋት ድጋፉን ተከለከለች።

መምህር ሰውአገኝ በማግሥቱ ሄደው ጠየቁ። ከኮሚቴው አንዱ እየሳቀ “ጋሼ ሰውአገኝ፣ በግ የሚያርድ ድሃ እኛ አላየንም” አላቸው።

“አላያችሁም፤ ሥጋው ጋርዷችሁ ነው” አሉት። “በጉ የየኔሰው ነው። ብርጭቆውም የሰው ነው። የእነሱ የራሳቸው የሆነችው ልጅቱ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ እናንተ አስቀራችኋት።”

ሰው እንዲህ ሲቆጡ አይቷቸው አያውቅም። አቤቱታቸው ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል የመግቢያው ጊዜ አለፈ። ንጋት ያን ዓመት ጋሸና በአንድ ምግብ ቤት ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሳህን ስታጥብ አሳለፈች። አንድ ቀን መምህር ሰውአገኝ በዚያ ሲያልፉ ሻይ አምጥታ አቀረበችላቸው። ሒሳብ ሊከፍሉ ሲሉም “ተዉት ጋሼ፣ የእኔ ግብዣ ነው” አለቻቸው። ይህን ለባለቤታቸው የነገሯቸው ብዙ ቆይተው ነው፤ ሲነግሯቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሰው ሳይጠራቸው ኮሚቴው ውስጥ ገቡ። ቀኑ በአደባባይ እንዳይነገር፣ ስለ ቤተሰቡ አኗኗር በመጀመሪያ የንስሐ አባት እንዲጠየቅ፣ በሚጣራ ቤት ማንም እንዳይበላ አስወሰኑ። የመጨረሻው ከሁሉ ከባድ ነበር። የቀረበን ምግብ አልበላም ማለት ስድብ ነውና መላ ፈጠሩ። በኪሳቸው የገብስ ቆሎ ይዘው ይዞሩና እንጀራ ሲቀርብላቸው “ሐኪም ከልክሎኛል” ይላሉ። ሴቶቹ በኋላ ነቅተው ይስቁባቸው ጀመር። “ይሄ የጋሼ ሐኪም ምን ዓይነት ነው? ሰርግ ቤት አይከለክላቸው፣ ለቅሶ ቤት አይከለክላቸው፣ እኛ ቤት ሲደርሱ ብቻ!”

በዚያ ዓመት ንጋት ድጋፉን አግኝታ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ዛሬ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አሁን ፈተና ላይ ናት፤ ለቀብሩ አትምጪ ያልናት እኛ ነን። እርሳቸውም ይህንኑ ይሏት ነበር።

መምህር ሰውአገኝ በጥር 2017 ዓ.ም. የጨጓራ ሕመም ጀመራቸው። በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ በሽታው ሥር የሰደደ ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪምም በእውነት ምግብ ከለከላቸው። በማኅበር ቤት “አልበላም” ሲሉ ሴቶቹ “ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ለማጣራት አልመጡም፣ ይብሉ እንጂ!” ብለው ሳቁ። እርሳቸውም አብረው ሳቁ። እውነቱን አልነገሯቸውም።

እርሳቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ያስወሰኑት ሁሉ አንድ በአንድ ተሻረ። ባለፈው እሑድ የዘንድሮው ኮሚቴ የሚዞርበት ቀን እንደ ድሮው ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ። ይህን አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙ። “ቀኑን ነገሯቸው?” አሉ። ቀጥለውም “እንግዲህ በግ ፍለጋ ጀምረዋላ” አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ የተናገሩት ነገር የለም።

ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዘመድ ወዳጅ በተገኘበት፣ በተወለዱበት አጥቢያ በገነተ ማርያም ይፈጸማል። እናታቸውን ወ/ሮ ገለቴን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህን የጻፍሁት ባለቤታቸው ሰርክአዲስ ነኝ። በንጋት ቤት በግ የበሉት ሰዎች ዛሬ ከመካከላችን አሉ፤ አንዳቸው አስከሬኑን ተሸክመዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ ስለ መጡ ግን አመሰግናለሁ። ከቀብር ስንመለስ ጎረቤት ያዘጋጀው ምግብ አለ፤ እኔ ቤት ግቡ፣ ብሉ። በእኔ ቤት ስለበላችሁ የሚቀር ልጅ የለም። የፊታችን ማክሰኞ ግን ለማጣራት በምትገቡበት ቤት ሁሉ፣ እርሳቸው ይሉት እንደነበረው፣ ሐኪም ከልክሎናል በሉ።

የገነተ ማርያም እመቤት፣ ለሰው ልጅ ሲሉ ከማዕድ የተከለከሉትን አገልጋይሽን ሰውአገኝን ከማያልቀው ማዕድ አስቀምጪልን። አሜን።