በር ያልከፈትኩልሽ ለምን እንደሆነ

እህትዓለም፣
ልብስ ስፌት ቤቱ ስለሚጠብቁኝ ቶሎ ወጣሁ። ሾርባው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ አሙቂው።

ትናንት ዝናብ ውስጥ ያቆምኩሽ አኩርፌ አይደለም። ጆሮዬ እንደማይሰማ ታውቂያለሽ። በር ሲንኳኳ እየመጣ በአፍንጫው ጉልበቴን የሚነካኝ ድንቡሼ ነበር። እፍኝ የማይሞላ ቡችላ ሳለ ጀምሮ ያሳደግኩት፣ ይህንኑ ያስተማርኩት ውሻዬ። ከሞተ ሳምንት ሆነው፤ እኔ ግን ትናንትም እጄን ከወንበሩ ጎን አንጠልጥዬ እሱን ስጠብቅ ነበር።

የድንቡሼን ብርድ ልብስ ለምን አጠብሽው?
ለበጎ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ። ጠረኑ ግን ከሳሙናው ጋር ሄደ።

ቁልፍ አስቀርጬልሻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከእንግዲህ አታንኳኪ፣ ከፍተሽ ግቢ። ስትመጪ እንዳልደነግጥ ትከሻዬን ንኪኝ።

ጉልበቴን ግን ተዪልኝ።