ስለ አዴ ሀሊሜ ግራ ኩላሊት፣ ለዋና ሥራ አስኪያጃችን

ለተከበሩ ዶክተር ግዛቸው
የምርመራ ማዕከላችን ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ
አሰላ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤና በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር የገባው የእንግዳ መቀበያው ሶፋም ብርዱን ተቋቁሞ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የሲቲ ስካን ክፍል ጸሐፊዎ ዘሀራ ከሊፋ ነኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ኮሪደር ላይ በተገናኘን ቁጥር «ሀያት» እያሉ በፈገግታ ሰላም ስለሚሉኝ፣ የሚጽፍልዎት ማን እንደሆነ እንዳይጠፋብዎት ብዬ ነው ስሜን ከነአባቴ ማስቀደሜ።

ይህ ለሁሉም የሚለጠፍ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ሥራዬን የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ይችላልና በአጭሩ ላስረዳ። ሐኪሙ ምስሉን ያያል፣ ያየውን በእንግሊዝኛ እየተናገረ በስልኩ ይቀዳል፣ ድምፁን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እኔ ሰምቼ እተይባለሁ፣ ሐኪሙ አንብቦ ይፈርማል። «አንብቦ» የምትለዋን ቃል የወሰድኳት ከሥራ መመሪያችን ላይ ነው፤ በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

እንግዲህ አቤቱታዬን፣ ወይም እርስዎ በስብሰባ ላይ እንደሚሉት «የማሻሻያ ሐሳቤን»፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ዶክተር ዕዝራ በቀን አርባ ምስል አንብበው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤታቸው እየበረሩ እንኳ እኔን ስለማይረሱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ምስሉን ጠዋት እዚህ ያዩታል፣ ድምፁን ግን መኪና እየነዱ ይቀዱታል። የአንድን ሰው ሆድ ዕቃ በሙሉ፣ የአሥራ ምናምን ዓመት ሕመሙን ጨምሮ፣ በሃምሳ ሰከንድ ይጨርሱታል። በጥሩምባና በባጃጅ ድምፅ መካከል «አለ» ያሉትን ከ«የለም» ለይቶ መስማት የቻለች ጆሮዬ ለዚህ ላበቃት ማዕከል ባለውለታ ናት።

ሁለተኛ። ስለ ምግብ ሰዓት። ዶክተር በቆሎ እየጋጡ የላኩልኝን የጉበት ልክ ከፍሬው መሰበር ለይቼ መተየቤን አንድም የበላይ አካል አላወቀልኝም። አንድ ጊዜም በአንድ አዛውንት ጉበትና ጣፊያ መካከል «የበሰለውን ተወውና ጠንካራ ጠንካራውን ቲማቲም መዝንልኝ» የሚል ትእዛዝ ደርሶኝ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ከሪፖርቱ ስላወጣሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ። «ሌላው እንደተለመደው» ስለሚባለው ነገር። ዶክተር ይህን ሲሉ፣ ያልጠቀሱት የሰውነት ክፍል ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ኮምፒውተሬ ላይ የተዘጋጀ ጽሑፍ አለ፤ አንዲት ቁልፍ ስጫን ጣፊያውም፣ ሐሞቱም፣ አንጀቱም በአንድ ጊዜ ደህና ይሆናሉ። በዚህች ቁልፍ እስከ ዛሬ የፈወስኩትን ሰው ብዛት ሳስበው፣ ግድግዳው ላይ ከዶክተሮቹ ፎቶ ጎን የእኔ አለመሰቀሉ ቅር ይለኛል።

አራተኛ። ይህን ቁጥር ጽፌ ሁለት ቀን ቆሜያለሁ።

አዴ ሀሊሜ፣ በአማርኛው ወይዘሮ ሀሊሜ፣ ከጎበሳ የመጡ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው። ናቸው ስል ነበሩ ማለቴ ነው፤ ጣቴ ገና አልለመደውም። ገበያ ላይ ምስርና ተልባ ይሸጡ ነበር። ስማቸውን ያለ ፈቃድ አልጠራሁትም፤ ማን እንደፈቀደልኝ ኋላ ላይ እነግርዎታለሁ። ባለፈው ጥቅምት ጎናቸውን አሟቸው፣ ሽንታቸው ላይም ደም አይተው፣ ከልጃቸው ከቢሊሱማ ጋር በሚኒባስ መጥተው ሲቲ ስካን ተነሱ።

ድምፁ ስድስት ሰዓት ግድም ደረሰኝ። አርባ ሰባት ሰከንድ ነው። ዶክተር ዕዝራ ቀኙ ኩላሊት ደህና መሆኑን ይናገራሉ። «በግራው ኩላሊት የላይኛው ጫፍ ላይ፣ አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆን» ይሉና የመኪና መስኮት ሲወርድ ይሰማል። «ሙላው፣ ሙሉውን» ይላሉ። ከማደያው ሠራተኛ ጋር ትንሽ ይሳሳቃሉ። ከዚያ ይመለሱና «ሌላው እንደተለመደው» ብለው ይዘጋሉ። አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ነገር ምን እንደሆነ አልተናገሩም።

ደወልኩ። በሦስተኛው አነሱ።

«ዶክተር፣ ሀሊሜ የሚባሉት ታካሚ፣ ግራ ኩላሊታቸው ላይ አራት ሴንቲ ሜትር ያሉት ምኑን ነው? ድምፁ ተቆርጧል» አልኳቸው።

«የቷ ናት?»

«የጎበሳዋ። ሽንታቸው ላይ ደም ያዩት።»

«እ... እሷ የውሃ ከረጢት ናት መሰለኝ። አዎ፣ የውሃ ከረጢት በያት። አያሳስብም ብለሽ ዝጊው።»

«ምስሉን አንድ ጊዜ ቢያዩት...»

«ዘሀራ፣ ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«እርስዎ ነዎት» አልኩ። ተየብኩት። «መሰለኝ» የምትለዋን ቃል ግን አልጻፍኳትም፤ በቅጻችን ላይ «መሰለኝ» የሚጻፍበት ቦታ የለም። በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ከሌሎች ሃያ ሁለት ወረቀቶች ጋር ቆመው ፈረሙበት።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ሽሙጤን ትቼ እንደ ሰው ልናገር። ያን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ማስቀረት እችል ነበር። «ምስሉ እንደገና ካልታየ አይወጣም» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ዶክተሩን ፈራሁ፣ እርስዎን ፈራሁ፣ «ጸሐፊዋ ሐኪም ልትሆን አማራት» ተብሎ መሳቂያ መሆንን ፈራሁ። የእኔ ጥፋት ይኸው ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝ እዚሁ በፊርማዬ አስቀምጠዋለሁ።

አዴ ሀሊሜ ወረቀቱን በመስኮቴ ተቀብለው አገላበጡት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። «ማል ጄዳ?» አሉኝ፣ ምን ይላል ማለታቸው ነው። በኦሮምኛ ነገርኳቸው፤ ትንሽ የውሃ ከረጢት ነው፣ አያሳስብም ይላል አልኳቸው። በመስኮቱ ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው እጄን ያዙኝና መረቁኝ። ከዶክተሩ አንድም ቃል አልሰሙም። የሰሙት ከእኔ አፍ ነው።

በመጋቢት ተመልሰው ሲመጡ በስም ካልሆነ በመልክ አላወቅኳቸውም። ቢሊሱማ ደግፋ ነው ያስገባቻቸው። ያን ሳምንት ምስል ያነበቡት ለጥቂት ጊዜ የተመደቡልን ወጣቷ ዶክተር ሲፈን ነበሩ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፣ በየዓረፍተ ነገሩ ያርፋሉ፣ ከባድ ቃል ሲመጣ ፊደል በፊደል ይቆጥራሉ። እንዲህ ጥርት ብሎ ሲነገረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጥሩምባም ይሁን ባጃጅ፣ የሆነ ነገር መጥቶ ቢሸፍንልኝ በወደድኩ። የግራ ኩላሊት ዕጢ ነው፣ ወደ ሳንባና ወደ አጥንት ደርሷል አሉ። ከዚያ የድሮውን ምስል ከፍተው፣ «በጥቅምት በተነሳው ምስል ላይ ዕጢው በዚያው ቦታ፣ በአራት ሴንቲ ሜትር መጠን፣ በግልጽ ይታያል» አሉ። ይህንንም እኔው ተየብኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ጎበሳ ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። አዴ ሀሊሜ ፍራሽ ላይ ተደግፈው ነበር። ማንነቴን ነገርኳቸው፤ ድምፁን፣ ስልኩን፣ «እርስዎ ነዎት» ማለቴን ሳይቀር ነገርኳቸው።

«ያኔ ቢታወቅ ይድን ነበር?» አሉኝ።

«ዶክተር ሲፈን፣ ኩላሊቱን አውጥቶ ማዳን ይቻል ነበር ይላሉ» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ግድግዳውን እንዳዩ፣ «ቢሊሱማ፣ የሚበላ ስጫት። መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ።

ቢሊሱማ አቀረበችልኝ፣ ግን አላየችኝም። ስትሸኘኝ በሩ ላይ የነገረችኝን ግን ልክ እንዳለችው አስፍሬዋለሁ፤ ቃል አጥርቶ መስማት ሥራዬ ነውና። «ታኅሣሥ ላይ ሕመሙ ሲብስባት እንመለስ ብዬ ለመንኳት። ወረቀታችሁን በላስቲክ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር። አውጥታ አሳየችኝ። ይኸው አያሳስብም ይላል፣ እነሱ ከእኔ ያውቃሉ አለችኝ።»

ማዕከላችን ለዚህ ጉዳይ የሰጠውን ፈጣን ትኩረት ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው በሃያ አምስት ደቂቃ እውነቱ ላይ ደርሷል። ዶክተር ዕዝራ «እኔ ዕጢ ብያለሁ፣ የሰማችውን እሷ ታውቃለች» አሉ። ድምፁ ይሰማ ስል ከስልኬ ላይ የለም፤ ቴሌግራም ላኪው ሲያጠፋው ከተቀባዩም ያጠፋል። ዶክተር ሲፈን በጽሑፍ ያቀረቡት አስተያየት «ከአጀንዳው ውጪ» ተባለ። ውሳኔው «የጽሑፍ ስህተት» ሆኖ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ቃለ ጉባኤውን የሚተይብ ሌላ ሰው ስላልነበረም ለእኔው ተሰጠኝ። አራት ገጽ ነበር። ጥፋተኛነቴን አንድ ፊደል ሳልስት ተይቤ፣ አስፈርሜ፣ ፋይል አድርጌያለሁ።

አዴ ሀሊሜ በግንቦት አረፉ። ቢሊሱማ ደውላ «እናቴ ሄደች» ብላኝ ዘጋችው።

ከወር በኋላ ራሷ አሰላ መጣች። ወረፋ ጠብቃ መስኮቴ ጋ ስትደርስ፣ የእናቷ ፋይል መጨረሻው ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጠየቀችኝ። ፋይሉ ተዘግቷል፣ ለቤተሰብ የሚሰጥ ማብራሪያ የለም ተብላ ከእርስዎ ቢሮ ተመልሳ ነው። እኔ የማየው የካርድ ቁጥሩንና «የተዘጋ» የሚለውን ብቻ ነው አልኳት።

«ስሟስ?»

«ሲዘጋ በቁጥር ነው የሚቀመጠው።»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። «አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ» አለች። «ስሟን ጻፊው። የሰው ስህተት ይሁን የወረቀት፣ ብቻ ስሟን ጻፊው።» ኋላዋ ያለው ሰው ወረፋው እንዲቀጥል ሲያጉረመርም ዞራ ወጣች።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለዚህ ነው። ማስጠንቀቂያው ይነሣልኝ ለማለት እንዳይመስልዎት፤ መልቀቂያዬን አያይዣለሁ፣ ከሰኞ ጀምሮ መስኮቱ ላይ አልኖርም። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ለቢሊሱማ ማዕከሉ የሆነውን ሁሉ በሚገባት ቋንቋ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ይስጣት፤ ይቅርታ የሚል ቃል ቢገባበት ወረቀቱ አይቀደድም። ከእኔ በኋላ ለምትቀጠረዋ ጸሐፊ ደግሞ አልገባኝም የማለት መብት ይሰጣት። ዶክተር ዕዝራን ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አልከሳቸውም። ደክሟቸዋል፤ አርባ ምስል የሚሰጣቸው ማን እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። የአዴ ሀሊሜ ድካም ግን አልቋል፣ ያለቀውም በእኛ እጅ ነው።

ጊዜዎን ስለሰረቅኩ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም በጆሮዬና በጣቶቼ ስለተማመኑ እጅ እየነሣሁ፣ ማዕከልዎ እየሰፋ፣ ደረጃው እየጨመረ፣ ሶፋውም ሳይቆሽሽ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣ እስከ ዓርብ ማታ የእርስዎ፣
ዘሀራ ከሊፋ
የሲቲ ስካን ክፍል ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ
ለቢሊሱማ፣ ጎበሳ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት የእርስዎ የራስዎ ምስል ተነብቦ ድምፁ ደርሶኛል። ውጤቱን በአደባባይ አልናገርም፤ የታካሚ ምስጢር ነው። ርዝመቱን ግን ልንገርዎት፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። በር ተዘግቶ፣ የስልክ ጥሪ ጠፍቶ የተቀዳ ነው። ዶክተር ዕዝራ ከዚያ በኋላ ደውለው የተየብኩትን ቃል በቃል እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አንድ ቦታ ላይም አስቁመውኝ ምስሉን እንደገና ከፍተው አዩት። እንዲህ መሥራት እንደሚችሉ በዘጠኝ ዓመቴ ገና አሁን አወቅኩ።