ማሽላ የጠበቀው ጊታር

መርሻዬ፣

ለሞተ ሰው እንደምን ሰነበትክ አይባል ነገር፣ በምን እንደምጀምርልህ ጨንቆኝ ቆየሁ። ከተለየኸኝ ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው። ተዝካርህን ለማውጣት ሽር ጉድ እያልኩ ነው፤ ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉም ተፈጭቷል። አንተ ግን የምትጠይቀኝ ስለ ጠላው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለ ባንዱ ነው። ድሮስ ከኔ ቀድመህ ያገባኸው እሱን አይደል?

ባንዱ አለ። ቀሐ ባንድ ተብሎ ዛሬም ሠርግ ቤት ይጫወታል። ከመጀመሪያዎቹ የቀረው ግን ሳክስፎን ነፊው አያ ደምሴ ብቻ ነው፤ እሱም ጥርሱ ረግፎ አንዱን ዘፈን ነፍቶ ሌላውን ያርፋል። የቀረውን ኦርጋኑ ይጨርሰዋል። ከበሮውም ኦርጋን፣ ጊታሩም ኦርጋን፣ ጭብጨባው ሳይቀር ኦርጋን! ብትሰማው ዳግም ትሞት ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ያወጣችኋቸውን ዘፈኖች አምጡልን የሚል አንድ ሰው የለም። ሰው የሚፈልገው ያንኑ የድሮውን ነው፤ ፒያሳ ሆቴሉ ውስጥ ጎፈሬያችሁን አበጥራችሁ፣ ሱሪያችሁ መሬት እየጠረገ የተጫወታችሁትን። አንተም ታውቀው ነበር። በመጨረሻው ሕመምህ፣ ባንዱ የኖረው በመጀመሪያው ሃያ ዓመት ነው፣ የቀረው ምራቂ ነው አልከኝ። ተው እንዲህ አይባልም ብዬ ተቆጣሁህ እንጂ እውነትህን ነበር።

ያን ሃያ ዓመት የያዘው ደግሞ ያ ጥቁር ቦርሳህ ነው። ሆቴሉ ጣራ ላይ አንድ ማይክ አንጠልጥላችሁ የቀዳችኋቸው ካሴቶች በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሌላ ቅጂ የላቸውም። ይበጥሱብኛል እያልክ እንኳን ለጎረቤት፣ ለገዛ ወንድሜ ከልክለሃል። ምነው አንዱን እንኳ ባዋስክ! ምነው መርሻዬ!

ያረፍክ ቀን እህትህ እትዬ አለምነሽ ከኮላ ድባ ደረቷን እየደቃች መጣች። ሐዘን ቤት ውስጥ ዘፈን አይቀመጥም ብላ ሬዲዮኑን ጎረቤት አስቀመጠች፤ ቦርሳውን ደግሞ ዓመቱ እስኪወጣ እኔ ዘንድ ይቆይ ብላ ስትመለስ ይዛው ሄደች። ወግ ነው፣ እህትም ናት፤ ማን ይከለክላታል? ዓመቱ ወጣ። ጥቁሬን ባወልቅም የእጅህን፣ የጊታርህን ድምፅ ለመስማት አንጀቴ አልችል አለ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ።

ባለፈው ጥቅምት ከሬዲዮ ጣቢያ አንድ ሰውዬ መጣ። የጎንደርን የድሮ ባንዶች ድምፅ እየሰበሰበ ነው። ካሴቱ ካልተገኘ ስማችሁን ጠርቶ ከማለፍ በቀር የሚያሰማው ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ደስ ሲለኝ! መርሻዬ በሬዲዮ ሊጫወት ነው ብዬ፣ በማግስቱ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ኮላ ድባ ወረድኩ።

እትዬን ማሳዋ ላይ አገኘኋት። ሰላምታችንን ሳንጨርስ እዝዝ የሚል ድምፅ ጆሮዬ ገባ። ቀና ብል ከእንጨት ወደ እንጨት የተወጠረ ቡናማ ክር፣ ማሽላው ላይ ነፋስ ያርገበግበዋል። የካሴት ክር ነው። ያ አገር ወፍ የሚያባርረው እንዲያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያንተ ይሆናል ብዬ ግን እንዴት ልጠርጥር? ይሄ ከየት መጣ አልኳት።

እትዬ አልዋሸችኝም። የሟች ወንድሟን እጅ ማንም እንዳይሰማ ቦርሳውን ጎታ ውስጥ ደብቃው ቆየች። የሚጠይቃት ሲጠፋ፣ ወፉም ማሽላውን ሊጨርስባት ሲል፣ ካሴቱን እየመዘዘች ወጠረችው። ክሩ ሲበጠስ ሌላ፣ እሱም ሲያልቅ ሌላ። የቀረ አለ ወይ ብላት የመጨረሻው ያ ነፋስ የሚያርገበግበው መሆኑን ነገረችኝ። ልጮህባት አፌን ስከፍት፣ ወንድሜ እህሌን ሲጠብቅልኝ ኖረ ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ተቃቅፈን ተላቀስን። ከክሩ ጥቂት ጠቅልዬ አመጣሁ። አያ ደምሴ ፀሐይ እንደበላው አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ቴፕ ውስጥ ሊያስገባው ሲሞክር እጁ ላይ እንክትክት አለ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ያ ግጥም የሌለው፣ በጥምቀት ማግስት ቀሐ ወንዝ ዳር ተቀምጠህ ያወጣኸው ዜማ ነው። በቀደም አንድ ሠርግ ላይ ተጫወቱት። መሐሉ ላይ ያቺን ወደ ታች ወርዳ፣ ጥቂት ቆም ብላ፣ ተመልሳ የምትወጣዋን ነገር ዘለሏት። አያ ደምሴን ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ እዚያች ቦታ ላይ አንተ ብቻህን ስትጫወት እሱ ትንፋሹን ይሰበስብ ስለነበር ልብ ብሏት አያውቅም። ሌሎቹማ አፈር ሆነዋል። እኔ ግን አልረሳኋትም። ወጥ ሳማስል፣ ልብስ ሳጥብ ሳንጎራጉራት ኖሬያለሁ፤ አንተም እየሳቅክ፣ ተይ እባክሽ ሙሉዬ፣ ድምፅሽ ወፍ ያባርራል ትለኝ ነበር።

የሬዲዮው ሰውዬ ትናንት ተመልሶ መጣ። ካሴት የለም አልኩት። ከዚያ መቅጃውን አስከፈትኩትና ዓይኔን ጨፍኜ አንጎራጎርኩለት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ያቺንም ጨምሬ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለቴም ሰበር አለ። አያ ደምሴ አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳክስፎኑን ይዞ ሊመጣ ተቀጣጥረናል፤ አስጠናዋለሁ።

በዚህ ድምፄ ነው እንግዲህ የምትታወሰው፤ ቻለው መርሻዬ። ነፍሴ እስክትወጣ ድረስ ያቺን ቦታ አልዘላትም።

ያንተው ሙሉ