የበቅሎዋን መንገድ ላሳጠሩልን ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩት የ«ጨው ዘውድ» ጨዋታ አዘጋጅ ድርጅት፣ የተጫዋቾች አስተያየት መቀበያ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የዚያን ሁሉ ሕዝብ አስተያየት አንድ ሳያስቀር የሰማ ጆሮ በቀላሉ የሚገኝ አይደለምና ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይጠብቅልን። እኔ በበኩሌ ደኅና ነኝ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰው ወጥ ቤት እየተንበረከክሁ የፍሪጅ ጀርባ ሳይ ኖሬአለሁ። ዕድሜዬ ለጨዋታ ያለፈበት ቢመስልም፣ ዘንዶ፣ ጠንቋይና የተሰረቀ ዘውድ ያለበትን ይህን ጨዋታችሁን ክፍል አንዱን አሥራ አራት ወር፣ ክፍል ሁለቱን ደግሞ ዘጠኝ ቀን ስለተጫወትሁት አስተያየት የመስጠት መብት አለኝ ብዬ አምናለሁ። ጨዋታው አንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሁለት የሚጫወቱት ስለሆነ ጓደኛ ያስፈልጋል፤ የኔ ጓደኛ የባለቤቴ ልጅ ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እሷ ጎራዴ ትይዛለች፣ እኔ ቅጠል እየለቀምሁ መድኃኒት እቀምማለሁ። የሥጋ አባቷ አይደለሁም፤ እንጀራ አባቷ ነኝ።

ክፍል ሁለት የወጣ ዕለት ድርጅትዎ በማስታወቂያው አናት ላይ «ሰማናችሁ!» ብሎ በትልቁ ጽፏል። አቤት ብሎ ሰሚ ማግኘት ብርቅ በሆነበት ዘመን ይህን ያህል መሰማታችን ያኮራናል። ሆኖም ከተሰማን በኋላ የደረሰብንን በተራ ቁጥር ላስረዳዎ ፈቃድዎ ይሁን።

አንደኛ፤ መንገዱን ይመለከታል። በክፍል አንድ ከጨው ሰፈር እስከ ንጉሡ ግንብ በበቅሎ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር። በዚህ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ጆይስቲኩን ወደ ፊት ገፍቶ ከመያዝ በስተቀር አንዳች ሥራ አልነበረም፤ ሜዳ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ደግሞ ሜዳ ነው። በቅሏችን በፈለገችው ጊዜ ትቆማለች፣ ለምን እንደቆመች ለማንም አታስረዳም፣ ስለዚህ እኔና ልጅቷ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ስም አውጥተንላት ነበር፤ ይህም ለድርጅትዎ አመራር ያለንን አክብሮት በምንም መንገድ የሚነካ አይደለም። ተጫዋቾች መንገዱ ረዘመብን ቢሉ ድርጅትዎ በቅሎዋን በጡረታ አሰናብቶ በየመንደሩ አንዳንድ ሰማያዊ በር ተከለልን። አንድ እግር በበሩ ሲገባ ሌላው ግንቡ ደጃፍ ላይ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተን አድገን ነበር፤ የእርስዎ እንቁላል ግን እግሩን ዘሎ ክንፍ አበቀለ። እኔም ብሆን ደንበኞች አሉኝ፤ ፍሪጄ ይጮኻልና ጩኸቱን አጥፋልኝ የሚሉኝ በየሳምንቱ አይጠፉም። ጩኸቱን ማጥፋት ቀላል ነው፤ ሶኬቱን መንቀል ነው። እስካሁን ግን የማንንም ሶኬት ነቅዬ «ሰማኋችሁ» ብዬ አልወጣሁም።

ሁለተኛ፤ መሬት ለመሬት የሚሄደውን የሚያበራ ቀስት ይመለከታል። ቀድሞ ካርታው የተሳለው ሥዕል በማይችል ሰው ነበር ማለት ይቻላል። በደረቀው ዛፍ በኩል ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ በሚል እኔና ልጅቷ ያልተከራከርንበት ቀን አልነበረም፤ አንድ ጊዜ እኔ አውቃለሁ ብዬ ሦስት ቀን ረግረግ ውስጥ አስገብቻት እናቷ በእራት ሰዓት ከሁለታችን አንዳችን ይቅርታ እንዲጠይቅ አድርጋለች። አሁን ቀስቱ እየመራን እንሄዳለን። ማንም አይሳሳትም፣ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም። መጥፋት ተከልክሏል።

ሦስተኛው ስለ ወፏ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብረዝም ይታገሡኝ። ተጫዋቾች ጉዞው ጭር አለብን ስላሉ ድርጅትዎ ትከሻችን ላይ የምትቀመጥ ተናጋሪ ወፍ ሰጥቶናል። ወፏ ትመክራለች፣ ታስታውሳለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ታመሰግናለች። በር ስንከፍት «ጎበዞች!» ትላለች። ሽንኩርት ስንለቅም «ድንቅ ነው!» ትላለች። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስንት የተቃጠለ ኮምፕሬሰር ስቀይር አንድ ሰው ጎበዝ ብሎኝ ስለማያውቅ በመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎኝ ነበር ማለት እውነት ነው። ነገር ግን ክቡር ኃላፊ፣ ያ ጭር ያለ መንገድ ለምን ይጠቅመን እንደነበር ሳያውቁ ስለሞሉት ማስረዳት ይገባኛል። ይህች ልጅ እናቷን ካገባሁ ጀምሮ ሁለት ዓመት «እርስዎ» ትለኝ ነበር። ባለጌ ሆና አይደለም፤ ጨዋ ሆና ነው። «እርስዎ ጨው ያቀብሉኝ»፣ «እናቴ እየጠራችዎት ነው»። እርስዎ የሚለው ቃል ሰውን ምን ያህል እንደሚያርቅ ይህን ደብዳቤ እያነበቡ ላሉት ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጨዋታውን በጀመርን በአራተኛው ወር ግን በዚያ መንገድ ላይ ተኩላ ከኋላችን ሲመጣ «ሩጥ! ሩጥ እንጂ አንተ!» ብላ ጮኸችብኝ። ተኩላው በላኝ፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በእራት ሰዓት እርስዎ፣ በቅሎዋ ላይ አንተ ሆንሁ። ሥራ በፈታንበት በዚያ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ውስጥ የሒሳብ ፈተና ወድቃ መደበቋን ነገረችኝ፤ እኔም ውሻ እንደምፈራና ደንበኛ ቤት ስሄድ በመጀመሪያ በአጥር ቀዳዳ እንደማይ ነገርኋት። ሌላ ከተማ ሄዳ ለመማር መወሰኗን ከእናቷ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። በክፍል ሁለት በአራተኛው ቀን ደግሞ «አንድ ነገር ልንገርህ» ብላ ጀመረች። ወፏ «ድንቅ ነው! ሽንኩርት አገኛችሁ!» አለች። ልጅቷ ወፏ እስክትጨርስ ጠበቀች፤ ወፏ ስትጨርስ ሰማያዊው በር ላይ ደርሰን ነበር። «ተወው» አለችኝ። ምን ልትነግረኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አራተኛ፤ ዘንዶው ከበደን ስላልን በሦስተኛው ምት ይተኛል። ጤና ይስጠው።

አምስተኛ፤ ወደ ክፍል አንድ እንመለስ ብዬ ብፈልግ ማሽናችን ውስጥ የለም። ድርጅትዎ ክፍል ሁለትን ስንጭን «ለእርስዎ ምቾት ሲባል የቀድሞው ጨዋታ ተወግዷል» የሚል መልእክት ልኮልናል። አሥራ አራት ወር የሄድንበት ሁሉ፣ በቅሎዋም፣ ተጫዋቾች ተቆጪ ናት ብለው ስለከሰሷት በክፍል ሁለት ጥርሷን ከማሳየት በቀር ሥራ ያጣችው የእንግዳ ማደሪያዋ ባለቤት የድሮ ቁጣም አብረው ተወግደዋል። ስለ ምቾቴ እንዲህ የተጨነቀልኝ ሰው ከእናቴ ሞት ወዲህ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

ክፍል ሁለትን በዘጠነኛው ቀን ጨረስን። ዘውዱ ተገኘ፣ ርችት ተተኮሰ፣ ወፏም አለቀሰች። ልጅቷ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «አመሰግናለሁ፣ እርስዎም ይረፉ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ወደ ትምህርቷ የምትሄደው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው።

ስድስተኛው አቤቱታዬ በራሴ ላይ ነው። ድርጅትዎ በማስታወቂያው ላይ ከሰማናቸው ድምፆች አንዱ ብሎ በደማቁ ያወጣው፣ «መንገዱ አሰልቺ ነው፤ ዕድሜያችንን በበቅሎ ላይ ጨረስነው፤ አሳጥሩልን» የሚለው፣ «ብሎን ፈቺ» በሚባል ሰው የተጻፈው አስተያየት የኔ ነው። የጻፍሁት በሦስተኛው ሳምንት፣ ከልጅቷ ጋር በቅሎዋ ላይ ገና ወሬ ሳንጀምር፣ ያ ሜዳ የዘላለም ያህል በረዘመብኝ ጊዜ ነው። ሠላሳ አንድ ሺህ ሰው ደገፈው። በገዛ ቤቱ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ እንኳ ሐሳቡ አልፎ የማያውቅ ሰው ሠላሳ አንድ ሺህ ደጋፊ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም። ፊቴን ሳልታጠብ ቁጥሩን አይ ነበር። በኋላ መንገዱን ስወደው፣ ሥራ ውዬ ወደ ቤት የምጣደፈው ለዚያ መንገድ ሲሆን እንኳ አስተያየቴን አላነሳሁም። ያን ሁሉ ሕዝብ እንዴት ላሳፍር?

በአሥረኛው ወር በስሙ ፈንታ ቁጥር የጻፈ አንድ ተጫዋች ከአስተያየቴ ሥር ተቃውሞ አስፍሮ አገኘሁ። «እባካችሁ መንገዱን አታሳጥሩት፤ ወሬ የምናወራው እዚያ ላይ ነው» ይላል። ገጽዎ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አሳይቶ የቀረውን «ተጨማሪ ያንብቡ» ከሚል ቃል ኋላ ይደብቃል፤ እኔም አልነካሁትም። ሠላሳ አንድ ሺህ ሰው ከኋላዬ አሰልፌ «አንተ ልጅ፣ ወሬ ካማረህ ቤትህ ቁጭ ብለህ አውራ፤ ጨዋታውን ለሚጫወቱት ተውላቸው» ብዬ መለስሁለት። አራት ሺህ ሰው ሳቀ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

ባለፈው ሳምንት መንገዱ ይመለስልን የሚል ሌላ ሰው ይኖር እንደሆን ስፈልግ ያችኑ አስተያየት ደግሜ አገኘኋት፤ በዚህ ጊዜ «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚለውን ነካሁት። የቀረው እንዲህ ይላል፦ «እንጀራ አባቴ ቤት ውስጥ አያወራም። ፍሪጅ ሲጠግን ውሎ ይመጣል፣ ይበላል፣ ደክሞኛል ብሎ ይነሣል። የሚጠላኝ ይመስለኝ ነበር። በቅሎዋ ላይ ሲሆን ግን ያወራል፣ ደግሞ ያስቃል። መንገዱ ካጠረ ተመልሶ ዝም ይላል። ትምህርቴን ስጨርስ ሌላ ከተማ ልሄድ ነው። እስከዚያ ብቻ እንዳለ ተዉት።»

ክቡር ኃላፊ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም የምትለው እሷ ትመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ድርጅትዎ ክፍል አንድን ለሰባት ሳምንት ብቻ ይመልስልን። ለሁሉም ሰው ይሁን አልልም፤ የቸኮለ በሰማያዊው በር ይለፍ፣ ለኛ ግን በቅሎዋ ከጡረታ ትጠራልን። ይህ የማይቻል ከሆነም በወፏ ራስ ላይ ማጥፊያ ይደረግላት። ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ግን እርስዎ ያነቡታል ብዬ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ገጽዎን አሁንም ትከታተላለች፤ «ብሎን ፈቺ» ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ልነግራት ሦስት ጊዜ ክፍሏ ደጃፍ ቆሜ፣ ሦስቱንም ጊዜ የፍሪጁ በር በደንብ ተዘግቷል ወይ ብዬ ጠይቄ ተመልሻለሁ። ለማያውቁኝ ሠላሳ አንድ ሺህ ሰዎች መናገር ከግድግዳ ወዲያ ላለች አንዲት ልጅ ከመናገር ይቀለኛል፤ አፈርሁ እንጂ አልዋሽም። ስለዚህ በእርስዎ ፈቃድ፣ በእርስዎ ገጽ ላይ ልንገራት። ያ የሰደበሽ ሰውዬ እኔ ነኝ። አንድም ቀን ጠልቼሽ አላውቅም። ደክሞኛል እያልሁ የምነሣው ምን እንደምልሽ ስለሚጠፋኝ ነው።

ይህን ረዥም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበቡ እንደሆነ፣ ሳያሳጥሩት ስለታገሡኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ፈጣሪ ዕድሜዎን እንደ ክፍል አንድ ያርዝመው፣ እንደ ክፍል ሁለት ከማጠር ይሰውረው፤ በሄዱበት ሁሉ የሚያመሰግንዎ ወፍ አይጥፋ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ፍሪጅ ጠጋኙ፣ የቀድሞው መድኃኒት ቀማሚ፣
በራሱ አስተያየት ከበቅሎዋ የወረደው «ብሎን ፈቺ»

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ከመላኬ በፊት ያን የድሮ አስተያየቴን ልሰርዝ ሞክሬ ነበር። ገጽዎ ወዲያው እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ውድ ተጫዋች፣ ይህ አስተያየት ተግባራዊ ስለሆነ ሊሰረዝ አይችልም። በመሰማትዎ ምን ያህል ረክተዋል?» ከሥሩም አምስት ኮከብ ደርድሮልኛል። አምስቱንም ነክቻቸዋለሁ፤ ከእኔ በላይ የተሰማ ሰው አላውቅም።