ሆቴሉ ውስጥ የተቀመጠው ጀግና

ጥቅምት 4 ቀን 2007

ጥሎኝ የጠፋው ባሌ ጥላዬ ነው ለዚህ ያበቃኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

ዛሬም እዚህ አሜሪካ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ልጄ እየሩሳሌም የምትሠራበት ሆቴል ዋልኩ። ቤት ብቻዬን ልትተወኝ ትፈራለች። ሎቢው ውስጥ ያለው ነጭ ሐውልት ፊት ተቀመጥኩ። ራቁቱን የሆነ ጎበዝ፣ የገደለው አውሬ ላይ ተቀምጦ ያርፋል። የአውሬው ራስ ከወንበሬ አይታየኝም። ሶምሶን ነው፣ አንበሳውን ገድሎ። አሳዘነኝ... የሚወዳት ናት የከዳችው።

ሰው ሁሉ የሐውልቱን ጉልበት አቅፎ ፎቶ ይነሣል። እኔን ማን ያየኛል?

ጥቅምት 9

ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ሻትል የሚነዳ ሽማግሌ መንገደኛ ሊወስድ ገባ። በሳቁ አወቅሁት። ጥላዬ! እየመራሁ ሱዳን ያሻገርኩት ባሌ። "አሜሪካ ልግባ እንጂ የመምጫ ፕሮሰስሽን እጀምራለሁ" ብሎ የቀረው። እየሩስ ሆዴ ውስጥ ነበረች፤ እኔም ገና አላወቅሁም።

ፊደል በአርባ ዓመቴ የቆጠርኩት ደብዳቤው ሲመጣ ለሰው ላለማስነበብ ነበር። አልመጣም።

እየሩስ ከእንግዳ መቀበያው ዴስክ ሆና፣ "ጋሼ ጥላዬ! የአባቴ ሞክሼ! ዛሬም ቢዚ ነህ?"

"ምን ይደረግ ልጄ!"

ልጄ አላት... አባቷ በረሃ ላይ እንደ ሞተ ነው የምታውቀው። እንደዚያ ያልኳት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 10

"ሶምሶንን ለምን ሆቴል አስቀመጡት?" አልኳት እየሩስን።

ሳቀችብኝ። "ሶምሶን አይደለም እማ! ቴሴዎስ ነው፣ የግሪክ ተረት። ራሱ የበሬ የሆነውን ሰው በላ የገደለው። ከአውሬው ግራ አጋቢ ቤት መውጫው እንዳይጠፋው ክር የሰጠችው ሴት ነበረች።"

"እሷስ?"

"ይዟት ሄደ። ከዚያ ደሴት ላይ፣ ተኝታ ሳለች ጥሏት ሄደ።"

"የሷ ሐውልት የታለ?"

"እዚህ የለም እማ።"

ስንት ቀን አዘንኩለት!

ጥቅምት 12

ዝናብ። ለሐውልቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ዋልኩ።

ጥቅምት 15

ጥላዬ ራሱ መጣ። "እንደምን ዋሉ እናቴ? የእየሩስ እናት ነዎት አይደል?"

እርስዎ አለኝ። እኔን!

"ብዙነሽ ነኝ" አልኩት።

የሐውልቱን ጉልበት ያዘ።

"ብዙዬ... ሞተች ብለውኝ..."

"ሞተች ያለህ ማን ነው?"

ዴስኩን አየ። "ልጅቷ... ስንት ዓመቷ ነው?"

"አንተው ቁጠር።"

"ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። በእመቤቴ፣ አትንገሪያት..."

መንገደኞቹ ጠሩት። ሻንጣቸውን እየጎተተ ወጣ። እንዴት ኖርሽ እንኳ አላለኝም።

ጥቅምት 16

እየሩስ ዛሬ ከሥራ ኦፍ ናት። ወጥ ቤት ሆና ታንጎራጉራለች። ጠራኋት። "መጣሁ እማ" አለች።

ትጠላኝ ይሆን? ትጥላኝ። ከእንግዲህ አባትሽ ሞቷል አልላትም።